ገሳይ ላይ ያቋረጥኩት ዘፈን

ባለፈው መስከረም የሠርግ ሙዚቃ ማጫወቻ ዕቃዬን ሸጥኩ። ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች፣ የድምፅ ማደባለቂያውን ሚክሰር፣ ላፕቶፑን፣ ጀነሬተሩን፣ ሽቦውንም ሁሉ። የገዛችኝ ትርንጎ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ ናት። የጭነት ባጃጅ አምጥታ ስንጭን፣ የጠቀለልኩትን ሽቦ ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ባጃጁ ሊነሳ ሲልም ሮጬ ሄጄ የጀነሬተሩን የቤንዚን ክዳን ነካሁት። ጠብቋል። ቀድሞም ጠብቆ ነበር።

«የሕይወት እናት፣ ይተዉት በቃ» አለችኝ ትርንጎ እየሳቀች። «ልጅ የሚድሩ እኮ ነው የሚመስሉት።»

«ልጅ ብትሆንማ ሲከፋት ትመለስልኛለች» አልኳት።

ሥራውን የተውኩት ወድጄ አይደለም፤ ግራ ጆሮዬ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ማዳመጫውን በግራ ጆሮዬ ደግፌ የሚመጣውን ዘፈን፣ በቀኜ ደግሞ ዳሱ ውስጥ ያለውን ዘፈን እየሰማሁ ኖርኩ። መጀመሪያ የጠፋኝ ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ጽናጽል የሚመስለው። ቀጥሎ የሰው ሹክሹክታ ጠፋ። ሐኪሙ «ቀኙን ካልጠበቅሽው እሱም ይከተላል» አለኝ። ልጄ ሕይወት ከጓዳ ስትጠራኝ ሳልሰማት የምቀርበት ቀን ታየኝና በዚያው ሳምንት ገዥ መፈለግ ጀመርኩ።

ትርንጎ ባጃጁ ላይ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ወረደች። «ደብተሩስ?» አለችኝ።

ደብተሩ ባለ ሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። ከፊት ወደ ኋላ ዘፈኖቹና ፍጥነታቸው ተጽፏል። ከኋላ ወደ ፊት ደግሞ የሰው ስም።

«ከፊት ያለውን በስልክሽ አንሺው» አልኳት። «ከኋላ ያለው አይሸጥም፣ አይታይም።»

ለምን እንደሆነ እዚያው ቆመን ነገርኳት። በዚህ ሥራ ያሉ ሌሎችም ቢያውቁት ብዬ ነው አሁን የምጽፈው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነውና ቃሌ ቢያጥር ይታለፍልኝ።

ወደ ሥራው የገባሁት በመጥረጊያ ነው። የሕይወት አባት ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ እዚያው ሲቀርብኝ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ ሞላ የሚባሉ ሰው ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ካሴት ይቀዳሉ፣ ይሸጣሉ፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ያከራያሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ካሴቶቹን ከአቧራ እወለውላለሁ። ደመወዙ ለጤፍ ይደርሳል፣ ለበርበሬ አይደርስም።

ሕይወት እንቅልፏ ቀላል ነበር። ጭኔ ላይ አድርጌ ካላወዛወዝኳት አትተኛም። አንድ ቀን ጋሽ ሞላ ዘፈን እየቀያየሩ ሲሞክሩ ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር።

«ይህንን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ዘፈኑን ስለውጠው ጉልበትሽም ይለወጣል። ግን ወዲያው አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው ወደ አዲሱ የሚሄደው። ልጅቱ አትነቃም።»

እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰዱና ማዳመጫ ሰጡኝ። ሥራው ሌላ ምንም አይደለም አሉኝ፤ ልጅቱን ሳይቀሰቅሱ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው መሻገር ነው።

ጋሽ ሞላ አይጠጡም። ሠርግ ቤት ምግብ የሚበሉት ከሁሉ ኋላ ነው። ስፒከሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ ውኃ ያስቀምጣሉ። ውኃው ዝም ብሎ ከተርገበገበ ደህና ነው፤ ከብርጭቆው ጫፍ መዝለል ከጀመረ ግን «የአሮጊቶቹም ልብ እንዲሁ እየዘለለ ነው» ብለው ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ይቀንሳሉ። ጀርባቸውን ለሕዝብ ሰጥተው አያውቁም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ሌላ ነበር። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ባዶ እጃቸውን ወደ ሠርገኛው ቤት ይሄዱና ሦስት ሰው ይጠይቃሉ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ቄስ፣ አንዲት ወጥ ሠሪ። «ኀዘን ላይ ያለ ማን ነው? ማን ከማን አይነጋገርም? በዚህ ቤት የማይዘፈነው ምንድን ነው?» ሚዜ ግን አይጠይቁም። «ሚዜ የሚያውቀው ሱፉን ነው» ይላሉ። የሰሙትን መጥተው ይነግሩኛል፣ እኔም ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። እርቅ ሲወርድ ገጹን ቀድጄ እሳት ውስጥ እጥለዋለሁ።

ጊዜው ተለወጠ። ካሴቱ ሲዲ ሆነ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆነ። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ለሠርግ የሚመጡ ወጣቶች በኮምፒውተር የተሠራ የውጭ ሙዚቃ ይጠይቁን ጀመር፤ ሃውስ፣ ቴክኖ፣ አማፒያኖ። የጋሽ ሞላ ወገብ እየታመመ ስለሄደ ይህንን መማር የእኔ ድርሻ ሆነ። ስሞቹ አፌ ላይ ስላልገቡልኝ የራሴን ስም አወጣሁላቸው። ሃውስን ወፍጮ አልኩት፤ አራቱም ምት እኩል ነው፣ ሳይደክም ይሄዳል። ቴክኖን መዶሻ አልኩት፤ እሱም አራት ነው፣ ግን ፈጣንና ደረቅ ነው። አማፒያኖን ጋሪ፤ ዝግ ይላል፣ ከሥሩ የሚንከባለል ወፍራም ድምፅ አለው። ወጣቶቹ «እትዬ፣ መዶሻውን ያምጡት እስኪ» ማለት ለመዱ።

እነዚህን እርስ በርስ ማገናኘት ለብዙ ወራት እንቅልፍ ነሳኝ። ወፍጮው ላፕቶፑ ላይ በደቂቃ መቶ ሃያ ሁለት ምት ይላል፣ ጋሪው መቶ አሥራ ሁለት። በአንድ ጊዜ ብታጋጫቸው እግር ይሰበራል። ወፍጮውን በየዘፈኑ በሁለት በሁለት አወርደዋለሁ፣ ጋሪውን ከፍ አደርገዋለሁ፣ መቶ አሥራ ስድስት ላይ ይገናኛሉ። የሁለቱ ቤዝ አብሮ መሰማት የለበትም። ጋሽ ሞላ «አንድ ጉልቻ ላይ ሁለት ድስት አይጣድም» ይሉ ነበር። የአንዱን ቤዝ በግራ እጄ ሳወርድ የሌላውን በቀኜ አወጣለሁ።

ያስቸገረኝ የአገራችን እስክስታ ነበር። ወፍጮው በአራት ይሄዳል፣ እስክስታው በሦስት። በመጨረሻ የገባኝ ትልቁ ምት አንድ መሆኑን ነው፤ የሚለያዩት በመሃል ያሉት ትናንሾቹ ናቸው። ስለዚህ በመሃላቸው ትልቁን ምት ብቻ የያዘ ነገር ማስገባት ነበረብኝ። የሰፈሬን ሴቶች ለምኜ ጭብጨባቸውን በስልኬ ቀዳሁት። ድልድይ አልኩት። ከወፍጮ ወደ ጭብጨባ፣ ከጭብጨባ ወደ እስክስታ። ሰው ሳያውቀው ትከሻው ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ያልዞርኩበት የለም። እብናት የከብት ነጋዴዎች ሠርግ ላይ አቧራው ሚክሰሩ ውስጥ ገብቶ በላባ ስጠርግ ዋልኩ። ጋፋት መኪና የማይገባበት ቤት ስፒከሩን አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ሲሄድ፣ ከኋላ ሆኜ በየድንጋዩ ላይ «ቀስ» እያልኩ አሰለቸኋቸው። በየሄድኩበት ሽቦውን አፈር አለብሰዋለሁ፣ ሕፃናት ወዴት እንደሚሮጡ አያለሁ፣ ጀነሬተሩን ከገለባ አርቄ አቆማለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል። እኔ ግን ሠርግ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚታየኝ ሊደርስ የሚችለው ነገር ነው።

እንዲያ ስጠነቀቅ፣ ያልተጠነቀቅሁበት በኩል መጣብኝ።

ሠርጉ ገሳይ ከተማ አጠገብ ነበር፣ በጥር። ሙሽራዋ እናኑ ትባላለች፤ የእትዬ ጥሩ ልጅ ናት፣ እናቷ ባለእርሻ ናቸው። ሙሽራው ከወንዙ ማዶ ነው፣ አባቱ ሞተው አጎቱ አያ ደሴ ናቸው ያሳደጉት። ሠርጉ በሙሽራዋ ቤት ተበልቶ፣ አጃቢው ሙሽራዋን ይዞ ወደ ማዶ ሊሻገር ነው። የጠራኝ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ነው።

ሁለት ቀን ሲቀረው መሄድ ነበረብኝ። በዚያ ቀን ሕይወት ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ፣ ግንባሯን በየደቂቃው እየዳሰስኩ ዋልኩ። ጋሽ ሞላ ከአልጋ አይነሡም። ስለዚህ ለሚዜው ደወልኩለት።

«የተጣላ ሰው አለ ወይ? ኀዘን ያለበትስ?»

«ሁሉም ሰላም ነው እትዬ። ብቻ ያሙቁልን።»

የማላውቀው ነገር ይህ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት አያ ደሴ በድንበር ጠብ የእትዬ ጥሩን ወንድም ገድለዋል። ታስረው ተፈትተዋል፣ ካሳ ከፍለዋል፣ ሽማግሌ አስታርቋል። ይህ ጋብቻ የእርቁ ማኅተም ነበር። ሽማግሌዎቹም አንድ ነገር አስጠንቅቀዋል፤ በሠርጉ ላይ ሽለላና ፉከራ እንዳይሰማ። በእኛ አገር ወንድ ሲፎክር «ገዳይ» ይላል። የገደለው አንበሳ ባይኖርም ይላል፣ ልማዱ ነው። በዚያ ዳስ ግን ቃሉ እውነት የሚሆንበት ሰው ነበር።

እኔ ደግሞ አዲስ ነገር ሠርቼ ነበር የሄድኩት። ጋሽ ሞላ ድሮ ከአንድ ገበሬ የቀዱት ቀረርቶ ነበር፤ ድምፁ ተራራ ለተራራ የሚሄድ። ከሥሩ መዶሻውን አስገባሁበት። ቀረርቶ ምት የለውም፣ እንደ ልቡ ነው የሚሄደው። በምት ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። መሃሉ ላይ ወጣቶቹ የሚወዱትን ነገር አደረግሁ፤ መዶሻው ድንገት ይወጣል፣ ድምፁ ብቻውን ይቀራል፣ ሁሉም እጁን አንሥቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ መዶሻው ሲመለስ አብረው ይዘላሉ። ሠላሳ ሁለት ምት ባዶ ተውኩ። አሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም። በሥራዬ ኮርቼ የማውቀው ያን ጊዜ ነው።

ከቀትር በኋላ ነው። ዳሱ ሞልቷል። ወጣቶቹ ፊት ለፊቴ ይጨፍራሉ፣ ሽማግሌዎቹ በቀኝ፣ እትዬ ጥሩና ሴቶቹ በግራ ተቀምጠዋል። ዘፈኑን ለቀቅሁት። ባዶው ቦታ ደረሰ፤ መዶሻው ወጣ። ወጣቶቹ እጃቸውን አነሡ። የገበሬው ቀረርቶ ብቻውን ዳሱን ሞላው።

የከተማ ልጅ ባዶውን ሲሰማ መዶሻውን ይጠብቃል። የእኛ አገር ትልቅ ሰው ግን ከበሮ የሌለው ቀረርቶ ሲሰማ፣ ተራው የእሱ ነው። አያ ደሴ ሁለት ጠላ ጠጥተዋል። ዱላቸውን ይዘው እንደ ተጠራ ሰው ተነሡ። ሲነሡ ምን እንደሚያደርጉ ያወቁ አይመስለኝም።

«ገዳይ» አሉ።

ዘፈኑ ጮክ ያለ ነበር፤ የሰማቸው አጠገባቸው የነበረ ሰው ብቻ ነው። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ነገሩ ባይገባኝም ክፉ መሆኑ ገባኝ። እሳት ሲነሣ የማደርገውን አደረግሁ፤ ዘወር ብዬ ከኋላዬ የቆመውን ጀነሬተር አጠፋሁት።

ሁለተኛው «ገዳይ» በጸጥታው ውስጥ ወደቀ። ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

አያ ደሴ አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። ዱላው ከእጃቸው ወደቀ። የእናኑ ወንድሞች ከወንበር ተነሡ፣ ከማዶ የመጡት ተነሡ። የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው መሃል ገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ለልመና መሬት ላይ ወደቁ። እትዬ ጥሩ ግን አልጮሁም። ቀስ ብለው ተነሡና ነጠላቸውን ገልብጠው ለኀዘን አጣፉ።

«ልጄ አትወጣም» አሉ።

አጃቢው ሙሽራ ሳይዝ ተመለሰ። ደም አልፈሰሰም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ሽቦዬን ስጠቀልል ማንም አላናገረኝም።

ለጋሽ ሞላ ሁሉን ነገርኳቸው። አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ስንት ምት ባዶ ተውሽ?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ጀነሬተሩንስ ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ፊተኛውን ይቅር እልሻለሁ» አሉ። «ወጣቶቹን ለማስደሰት ነው። ኋለኛው ግን ለራስሽ ፈርተሽ ነው። ሲከፋ አይቋረጥም፤ ሲከፋ ነው ቀስ የሚባለው። ልጅቱን ቀሰቀስሻት። ስፒከር ሳትይዢ ገሳይ ሂጂ።»

ቅዳሜ ገሳይ ገበያ ሄድኩ። እናኑን ነጭ ሽንኩርት ይዛ አገኘኋት። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በአንድ እጇ ያዘችኝ።

«ሽንኩርቴን ይረግጡታል» አለች። ቀጥላም «ሌላዋን ሴት ባሏ ይፈታታል፣ እኔን የፈታኝ ጀነሬተር ነው» ብላ ሳቀች። ዐይኗ ግን አልሳቀም። «ይወደኛል እኮ። ማዶ ሆኖ በስልክ ያወራኛል። እናቴ ግን ስሙ ሲነሣ ነጠላዋን ትነካለች።»

ቤታቸው ስሄድ እትዬ ጥሩ ከአጥር ግቢ አላስገቡኝም። ከውስጥ ቆመው፣ እኔ ከውጭ ቆሜ ነው የተነጋገርነው።

«እንዳጠፋሁ አውቃለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«የወንድሜን መርዶ አንድ ጊዜ ነበር የሰማሁ» አሉኝ። «አንቺ ደገምሽልኝ።» ወደ ቤት ገቡ።

ዓመት ሙሉ ሠርግ በያዝኩ ቁጥር ያ «ገዳይ» የሚለው ቃል ከማዳመጫው ውስጥ ይወጣል። ባዶ ቦታ ያለበትን ዘፈን ሁሉ ከላፕቶፑ አጠፋሁ። በዚያ ክረምት ጋሽ ሞላ ዐረፉ። ሚስታቸው የውኃ ብርጭቆውን ሰጡኝ።

በታኅሣሥ አንድ ሽማግሌ ከገሳይ መጡ። እርቁ እንደገና ወርዷል፣ ሠርጉ በጥር ይሆናል አሉኝ። «እትዬ ጥሩ አንድ ነገር አሉ» ቀጠሉ። «‘ያቋረጠችዋ ትምጣና ትጨርስ። ልጄ በዝምታ አትወጣም።’»

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። «ሌላ ሰው ቢሆንስ?» አልኩ።

«ሌላ ሰው ከመጣ ያ ቀን እንዳለ ይቀራል» አሉ።

ሁለት ቀን ሲቀረው ሄድኩ። ሕይወትን፣ ትልቅ ልጅ ብትሆንም፣ ጎረቤት አደራ ብዬ፣ ከመንገድ ሦስት ጊዜ ደውዬ። ሽማግሌውን ጠየቅሁ፣ ቄሱን ጠየቅሁ። ወጥ ሠሪዋ ዋጋዬ የሚባሉ እጃቸው ሰፊ የሆነ ሴት ነበሩ፤ ሽንኩርት እየከተፉ ሌላው ያልነገረኝን ነገሩኝ። «ደሴ ዳስ አልገባም ብሎ ምሎ ነበር። ግን አባት የለውም ልጁ፤ በአባት ፋንታ ሙሽራዋን እጇን ይዞ የሚያወጣት ደሴ ነው። ይገባል። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያይ። ወንድ ልጅ ሲያዩት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።»

«እማማ ዋጋዬ፣ ጭብጨባ ይችላሉ?» አልኳቸው።

«ምን ነካሽ። እጄ ከመክተፍና ከማጨብጨብ ሌላ ምን ያውቃል?»

የሠርጉ ቀን ጀነሬተሩን እስከ አፉ ሞላሁት። ብርጭቆውን ስፒከሩ ላይ አስቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከወፍጮ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ጭብጨባ፣ ከጭብጨባ ወደ ሙሽራ መሸኛው። በየትም ቦታ ምት የማይቆምበት። አንዱ ከበሮ ሳይወጣ ሌላው ገብቶ መሆን አለበት።

ከቀትር በኋላ አያ ደሴ ገቡ። በዓመቱ ውስጥ አርጅተዋል። የተቀመጡት ያው ቦታ ነው። እትዬ ጥሩ ፊት ለፊታቸው፣ ያው ቦታ፤ ነጠላቸው አሁንም ለኀዘን እንደተጣፋ ነው። ወፍጮው እየሄደ ነበር፣ ወጣቶቹ ይጨፍራሉ፤ ትልልቆቹ ግን አንዱም አላጨበጨበም፣ ሁሉም የሚያየው ወደ አንድ ሰው ነበር። በሁለት በሁለት ማውረድ ጀመርኩ። መቶ ሃያ። መቶ አሥራ ስምንት።

መቶ አሥራ ስድስት ላይ ስደርስ አያ ደሴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

ከወንድሞቿ አንዱ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ለመነሣት ተዘጋጀ። አያ ደሴ መሃል ገቡ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ቀኝ እጄ በራሱ ወደ ጀነሬተሩ ዞረ። አየሁት፤ ከሰውነቴ የወጣ ይመስል ነበር። ብርጭቆውን አየሁ። ውኃው ሳይዘል ይርገበገባል። እጄን መለስኩት።

የወፍጮውን ቤዝ አወረድኩ፣ የጋሪውን አወጣሁ። በላዩ ጭብጨባውን ለቀቅሁ። ከማዕድ ቤቱ በኩል እማማ ዋጋዬ በሰፊው እጃቸው ያዙት። ሴቶቹ አንድ በአንድ ገቡ። የተቀዳውን ጭብጨባ ቀስ ብዬ አወጣሁት፤ የቀረው የእነሱ ነው።

ፉከራ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሰው ሲፎክር ቃሉን እንደ ልቡ ያስረዝማል፣ ያቆማል፣ ይጀምራል። አያ ደሴ ቃሉን ሊያወጡ ሲሉ ጭብጨባ አገኛቸው። ቆም ብለው ሌላ ባዶ ቦታ ጠበቁ። እዚያም ጭብጨባ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከሩም። በሦስት የሚሄደውን የአገር ከበሮ ከጭብጨባው ሥር አስገባሁ፣ አንድ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ሁለተኛው። ዱላውን አንገታቸው ላይ ጋደም አድርገው ሁለት እጃቸውን ሰቀሉበትና እስክስታ ወረዱ፣ ዐይናቸው መሬት ላይ ነው። እስክስታ ሲሉ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

የእናኑ ወንድም እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወንበሩ ላይ ተደላደለ።

እኔ የማየው እትዬ ጥሩን ነበር። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ። ያጣፉትን ፈቱት፣ ጥለቱን አስተካክለው ወደ ታች ለቀቁት፣ መልሰው ለበሱት፤ እንደ ሠርግ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ተነሽ» አሏት። «ሳይመሽ ወንዙን ተሻገሪ።»

እናኑ በአያ ደሴ እጅ ተይዛ ወጣች። እስከ አጥሩ፣ እስከ መንገዱ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሰዉ እያጨበጨበ ሸኛት። አጃቢው ከዐይኔ ርቆ ከጠፋ በኋላም የስፒከሩን ድምፅ ወዲያው አላጠፋሁትም። ቀስ በቀስ፣ በጣት በጣት አወረድኩት። ጀነሬተሩን ያጠፋሁት ምንም ያልቀረ ሲመስለኝ ነው።

አያ ደሴ ዱላቸውን ረስተው ነበርና ተመለሱ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

«አንቺ ሴት» አሉኝ። «ልፎክር እኮ ነበር የተነሣሁ።»

«አይቻለሁ አያ ደሴ።»

«ቦታ ነሳሽኝ።»

«አዎ።»

ዱላቸውን አንሥተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ወንዙ ሄዱ። ማታ ቤቴ ስገባ የገሳይን ገጽ ከደብተሩ ቀድጄ ምድጃው ውስጥ ጣልኩት።

ይህንን ሁሉ ለትርንጎ ስነግራት ባጃጁ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፍቷል። እሷ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ወጣት ናት። «የሕይወት እናት፣ አሁን እኮ ላፕቶፑ ራሱ ምቱን ያገናኘዋል» አለችኝ። ብርጭቆውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት፣ «ውኃውን አንቺ ታደርጊበታለሽ» አልኳት። ሄደች።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ጮኸ። ትርንጎ ናት።

«እስቴ ላይ አንድ ሠርግ ይዣለሁ» አለች። ድምፁ ስላልደረሰኝ ስልኩን ከግራ ጆሮዬ ወደ ቀኙ አዞርኩት። «ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሚዜው ሁሉም ሰላም ነው ይለኛል። ማንን ነው የምጠይቅ?»

«ሦስት ሰው» አልኳት። «ከወጥ ሠሪዋ ጀምሪ።»